ተኽሚስ፦ በሰው ግጥም ፊት የሚቆሙ ሦስት ስንኞች

ሐረር ውስጥ በእጅ ሲገለበጡ ከኖሩት የዓረብኛ ኪታቦች አንዱ የአል-ፈዩሚ ተኽሚስ ነው። ደራሲው ራሱን ችሎ የጻፈው ግጥም አይደለም። የግብጹ አል-ቡሲሪ በ13ኛው መቶ ዘመን ለነቢዩ ሙሐመድ ውዳሴ የደረሰውን ቡርዳ ይዞ፣ በየቤቱ ፊት የራሱን ሦስት ስንኝ ያስገባበት ሥራ ነው።

ሕጉ ጥብቅ ነው። የቡርዳ ቤት ሁለት ስንኝ አለው። ሁለተኛው ስንኝ ከመጀመሪያው ቤት እስከ መጨረሻው በ«ም» ድምፅ ይመታል፤ የፊተኛው መድረሻ ግን ይለዋወጣል። ተኽሚስ ጸሐፊው የሚጨምራቸው ሦስቱ ስንኞች በዚያ በፊተኛው መድረሻ መምታት፣ ምጣኔውንም መጠበቅ አለባቸው። ከነባሩ ግጥም አንዲት ፊደል አይነካም። ቡርዳ ወደ 160 ቤት ስላለው 480 ያህል አዲስ ስንኝ ይጠይቃል ማለት ነው።

በአማርኛ ብንሞክረው፣ ለዚሁ ብዬ ስለ ሐረር ግንብ፣ ስለ ጀጎል፣ የገጠምኳቸው ሁለት ስንኞች እነሆ፦

ድንጋይ ላይ ድንጋይ ነው ጀጎል ሲታይ ከሩቅ፣
ቀርበው ሲዳስሱት የሰው እጅ ይገኛል።

ሌላ ገጣሚ በ«ቅ» እየመታ ከፊታቸው ይገባል፦

መንገደኛ መጥቶ ስለ ግንብ ሲጠይቅ፣
ዓይን ብቻ አይበቃም ምስጢሩን ለማወቅ፣
ቸኩሎ እንዳይፈርድ ንገሩት ይጠንቀቅ፣
ድንጋይ ላይ ድንጋይ ነው ጀጎል ሲታይ ከሩቅ፣
ቀርበው ሲዳስሱት የሰው እጅ ይገኛል።

ፈተናው ያለው ሦስተኛው ስንኝ ከአራተኛው በሚጋጠምበት ቦታ ነው። ቤት መምታቱማ በልምድ ይመጣል። የኋለኛው ሰው ቀድሞ ተናግሮ፣ የፊተኛው ሰው ሲቀጥል ንግግሩ ያንድ ሰው መምሰል አለበት። ቡርዳ ደግሞ የሚከፈተው በጥያቄ ነው፤ እንባህ ከደም የተቀላቀለው የቀድሞ ጎረቤቶችህን አስታውሰህ ነውን እያለ። ስለዚህ ተኽሚስ ጸሐፊው ገና ከጅምሩ የሚጠየቅ፣ የሚያለቅስ ሰው አምጥቶ ማቆም ግድ ይሆንበታል።

በብዙ የተኽሚስ ኪታቦች ነባሩ ስንኝ በቀይ ቀለም ወይም በተለየ የፊደል አጣጣል ስለሚጻፍ፣ የማን ቃል የማን እንደሆነ ዓይን ወዲያው ይለያል። ይህ ታማኝነት በጣም ያስደስተኛል። ቡርዳን ከአል-ፈዩሚ ሌላ ብዙ ገጣሚዎች እንዲሁ አምስት አምስት አድርገውታል። እያንዳንዳቸው የጨመሯቸውን ሦስት ስንኞች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው፣ ያንኑ አንድ ቤት እያንዳንዱ እንዴት እንደተረዳው ማየት ይችላል።