ቫራናሲ፦ ወንዙ ወደ ሰሜን የሚዞርባት ከተማ

የጋንጀስ ወንዝ ከሂማላያ ወርዶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲጓዝ ይቆይና የሕንዷ ቫራናሲ ሲደርስ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞራል። ከተማዋ በምዕራብ ዳርቻ በመሠራቷ ትይዩዋ የፀሐይ መውጫ ነው፤ ማዶው ደግሞ አሸዋ ብቻ። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ጋት በሚባሉት የድንጋይ ደረጃዎች ላይ የቆመ ሰው ፀሐይን ያለ ከልካይ ያያታል። ከ80 በላይ ጋቶች አሉ። ሂንዱዎች ወርደው ይታጠባሉ፤ ውሃውን በእፍኛቸው ቀድተው ለፀሐይ ያቀርባሉ።

ማኒካርኒካ ጋት ላይ ቀንም ሌሊትም አስከሬን ይቃጠላል። በዚህች ከተማ የሞተ ሰው ዳግም ከመወለድ ዑደት ይወጣል ብለው ስለሚያምኑ፣ እዚሁ ለመሞት ብለው የሚመጡ አረጋውያን አሉ። የእሳቱ ጠባቂዎች ዶም የሚባሉ ወገኖች ናቸው። ሌላ ጊዜ ብዙው ሰው ይርቃቸዋል፤ ከነሱ እሳት ሳይቀበል ግን ሟቹን የሚሸኝ ቤተሰብ የለም። እንግዳ እዚህ ካሜራውን ይክተት፤ ለቅሶ ላይ ነው የቆመው።

10 ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ሳርናት አለ። ቡድሃ ለአምስት ባልንጀሮቹ የመጀመሪያ ትምህርቱን የሰጠው እዚያ ነው። ንጉሥ አሾካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ባቆመው ዓምድ አናት ላይ የነበሩት አንበሶች፣ ዛሬ በሕንድ ገንዘብ ላይ የሚታዩት ናቸው። የጃይን ሃይማኖት ተከታዮችም 23ኛው መምህራቸው ፓርሽቫናታ የተወለደው ቫራናሲ ነው ይላሉ።

ቁስልም አለ። ሙስሊሙ አጼ አውራንግዜብ እ.ኤ.አ. በ1669 ቪሽዋናት የተባለው የሂንዱ ቤተ መቅደስ እንዲፈርስ አዘዘ፤ በቦታው የጊያንቫፒ መስጊድ ቆመ። የአሁኑን ቤተ መቅደስ ንግሥት አሂልያባይ ሆልካር በ1780 ከመስጊዱ አጠገብ አሠራችው። የቦታው ክርክር ፍርድ ቤት ደርሷል።

ይህን ቦታ ብቻ አይቶ የሚመለስ ግን ከተማዋን አላወቃትም። ማዳንፑራ ወደሚባለው የሸማኔዎች ሰፈር ይግባ። የሂንዱዋ ሙሽራ የምትለብሰውን የባናራስ (የቫራናሲ ሌላ ስሟ ነው) ሐር ሳሪ በወርቅማ ክር የሚያስጌጡት በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸው። በእጅ የሚሠሩቱ ልክ እንደኛ ሸማኔ እግራቸውን ጉድጓድ ከትተው ማግ ይወረውራሉ። የ15ኛው ክፍለ ዘመን ባለቅኔ ካቢርም ያደገው በዚህችው ከተማ፣ በሙስሊም ሸማኔ ቤት ነው።

ሙስሊሙ ሙዚቀኛ ቢስሚላህ ካንም ሸህናይ የተባለውን የትንፋሽ መሣሪያ ወንዝ ዳር ባለ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ሲለማመድ ኖረ። ሕንድ ነፃ በወጣችበት እ.ኤ.አ. በ1947 ዴልሂ ላይ ነፋ። በ2006 ሲያርፍ ቫራናሲ ተቀበረ፤ ሸህናዩም አብሮት።