ጄፍሪ ቴይለርና የነውጠኛ ፍሰት ጥናት

ታይታኒክ በ1912 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሰጠመች በኋላ፣ በሰሜን አትላንቲክ ተንሳፋፊ የበረዶ ግግር የምትጠብቅ ስኮሺያ የተባለች አሮጌ መርከብ ተሰማራች። በ1913 የአየር ጠባይ ባለሙያ ሆኖ የተሳፈረባት ወጣቱ እንግሊዛዊ ጄፍሪ ኢንግራም ቴይለር (1886–1975) ነበር። ሥራው መለኪያ መሣሪያ በካይት ላይ አስሮ ወደ ሰማይ መላክ ነበር። ከሞቃት ባሕር ተነሥቶ ወደ ቀዝቃዛው የኒውፋውንድላንድ ባሕር የተጓዘው አየር ከታች ቀዝቅዞ አገኘው፤ ቅዝቃዜው ግን ብዙ መቶ ሜትር ሽቅብ ወጥቷል። ሙቀት ከሞለኪውል ወደ ሞለኪውል ብቻ ቢተላለፍ ኖሮ እዚያ ድረስ ለመድረስ ዘመናት በፈጀበት ነበር። ስለዚህ ቅዝቃዜውን ያጓጓዙት የአየሩ አዙሪቶች ናቸው። ቴይለር አየሩ በቀዝቃዛው ውሃ ላይ ስንት ጊዜ እንደቆየ ከመርከቦች መዝገብ አውጥቶ፣ የአዙሪቶቹን የማጓጓዝ አቅም አሰላ። ውጤቱን በ1915 አሳተመ።

የፈሳሽና የአየር እንቅስቃሴ የሚገዛበት ሕግ በዚያን ጊዜ አዲስ አልነበረም። ፈረንሳዊው ናቪየር በ1822፣ ስቶክስ ደግሞ በ1845 እኩልታውን ጽፈውት አልፈዋል። ችግሩ መፍትሔው ላይ ነው። ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1883 ማንችስተር ውስጥ በረጅም የመስታወት ቱቦ ውሃ እያስኬደ፣ በመካከሉ ቀጭን የቀለም መስመር ለቀቀበት። ውሃው በዝግታ ሲሄድ ቀለሙ ሳይበተን ቀጥ ብሎ ይዘልቃል። ቧንቧው ከፈት ሲደረግና ፍጥነቱ ከአንድ ወሰን ሲያልፍ ግን ቀለሙ ድንገት ተበጥብጦ ቱቦውን ይሞላዋል፤ ነውጠኛ ፍሰት የሚባለው ይህ ነው። ወሰኑን የሚወስነው ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ የቱቦው ስፋትና የፈሳሹ ዝልግልግነትም አሉበት። ሦስቱ ተዋሕደው የሚሰጡት ቁጥር ዛሬ የሬይኖልድስ ቁጥር ይባላል፤ በቧንቧ ውስጥ 2,000 ገደማ ላይ ነውጥ መታየት ይጀምራል።

ሬይኖልድስ በ1895 ፍጥነቱን አማካይና ከአማካዩ የሚዋዥቅ ብሎ ለሁለት ከፈለው። ብልህ ዘዴ ነው፤ ግን ያልታወቁት መጠኖች ከእኩልታዎቹ በለጡ። የዛሬዎቹ መሐንዲሶች የሚገለገሉባቸው ሞዴሎች አብዛኞቹ ይህንን ጉድለት በልምድና በግምት የሚሞሉ ናቸው። በሌላ በኩል ሉድቪግ ፕራንትል በ1904 ዝልግልግነት የሚጎላው ግድግዳውን ታክኮ በሚሄደው ስስ ንጣፍ ውስጥ መሆኑን አሳይቶ ለአውሮፕላን ምሕንድስና ትልቅ በር ከፈተ።

ቴይለር ግን ጥያቄውን አሳነሰው፤ በእኔ ግምት ትልቅነቱም እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ አዙሪት የት ይደርሳል ብሎ አልጠየቀም። በ1921 የጠየቀው፣ በነውጥ የሚንገላታ ቅንጣት ከተነሣበት ቦታ በአማካይ ምን ያህል ይርቃል የሚለውን ነው። የጭስ ማውጫ ጭስ እንዴት እንደሚበተን ለማስላት ይህ እስከ ዛሬ መሠረት ነው። በ1923 ደግሞ አንዱ በሌላው ውስጥ በተቀመጡ ሁለት ሲሊንደሮች መካከል ያለ ፈሳሽ በየትኛው ፍጥነት ተረብሾ እርስ በርስ የተደራረቡ የቀለበት አዙሪቶች እንደሚሠራ በስሌት ተነበየ፤ ሙከራውም ስሌቱን አረጋገጠለት። በዚያው ዓመት ማስተማር የማያስገድድ የምርምር ፕሮፌሰርነት ተሰጠውና እስከ 1952 ካምብሪጅ ውስጥ፣ ከአንድ ረዳት ባለሙያ ጋር፣ በቀላል መሣሪያ ሠራ።

ቴይለር በ1935 ነውጥን በስታቲስቲክስ ገለጸው፦ በሁለት ነጥቦች ላይ ያሉ ፍጥነቶች ምን ያህል ይዛመዳሉ? በዚህ መንገድ ሞስኮ ላይ የሒሳብ ሊቁ ኮልሞጎሮቭ በ1941 ሩቅ ሄደ። ትልልቅ አዙሪቶች ጉልበታቸውን ለትንንሾቹ እያወረሱ በመጨረሻ ዝልግልግነት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ትንንሾቹ ከየት እንደመጡ ስለሚረሱ በየትኛውም ፍሰት ይመሳሰላሉ አለ። በ1962 የታተመ፣ በካናዳ ምዕራብ ጠረፍ በሚገኝ የባሕር ሰርጥ የተደረገ ልኬት ትንበያውን አጠናክሮታል።

ኮምፒውተር ሁሉን ይፈታል የሚሉ አሉ። በ1972 የተደረገው፣ እኩልታዎቹን ያለ ግምት ሞዴል የሚፈታው የመጀመሪያው ቀጥተኛ ስሌት በየአቅጣጫው 32 ነጥቦች ብቻ ነበሩት። የሬይኖልድስ ቁጥር በአሥር እጥፍ ባደገ ቁጥር የሚያስፈልጉት ነጥቦች ወደ 180 እጥፍ ይበዛሉ። በሚሊዮኖች የሚቆጠር የሬይኖልድስ ቁጥር ያለውን የአውሮፕላን ክንፍ እንዲህ ማስላት ዛሬም ከአቅም በላይ ነው። ዓባይ በክረምት ደለሉን ሳያስቀምጥ ተሸክሞ እንዲጓዝ የሚያደርገውም ይኸው ነውጥ ስለሆነ፣ የግድብ መሐንዲስ ጉዳዩን ልተወው ቢል አይችልም።

የምሕንድስና ተማሪ የሆነ አንባቢ ወደ ቀመሩ ከመግባቱ በፊት፣ ቴይለር በስተርጅና በዝቅተኛ የሬይኖልድስ ቁጥር ስለሚፈሱ ነገሮች ያዘጋጀውን የማስተማሪያ ፊልም ይመልከት። በዝልግልግ ፈሳሽ ውስጥ ያኖረውን የቀለም ጠብታ በሲሊንደር እያዞረ ያጠፋዋል፤ ወደ ኋላ መልሶ ሲያዞረው ጠብታው ወደ ቦታው ይመለሳል። ነውጠኛ ፍሰት ላይ ይህንን ለማድረግ መሞከር ዋጋ የለውም።