ገና ተማሪ ሳለ መምህር የሆነው ዲያቆን

እናንተ ወጣት አንባቢዎቼ፤ በአጥቢያችሁ ጉባኤ ላይ ተነሥታችሁ «እንዲህ ብናደርግስ?» ስትሉ የሚሰጣችሁን መልስ ብገምት የምሳሳት አይመስለኝም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ፈገግ ይልና «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ቀስ ብለህ ትደርስበታለህ» ብሎ ያስቀምጣችኋል። ይህን የሚሉት በክፋት አይደለም። ነገር ግን ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ የተባለ ወጣት በአራተኛው ከጉባኤው ይቀራል፤ አሳቡንም ወይ ይዞት ወደ ሌላ ይሄዳል፣ ወይ ጨርሶ ይተወዋል። ይህን ባሰብሁ ቍጥር የአንድ ግብጻዊ ታሪክ ትዝ ይለኛል። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ሰውየው ሐቢብ ጊርጊስ ይባላል፤ የተወለደው በ1876 በካይሮ ነው። በ1893 የቅብጦች ቤተ ክርስቲያን መንፈሳዊ ትምህርት ቤት ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ሆኖ ገባ። ትምህርት ቤቱ ግን ስሙ እንጂ ግብሩ ገና ነበር። ሌላውን ትምህርት የሚያስተምር ሲገኝ፣ ሃይማኖትን አጥርቶ የሚያስተምር መምህር ታጣ። ካህናት ሊሆኑ የመጡ ልጆች የሃይማኖት መምህር አጡ ቢባል የሚያስቅ ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንዲሁ ነበር። ሐቢብ መጻሕፍት እየፈለገ ለራሱ ያነብ ጀመር። በ1898 ገና ሳይመረቅ ሃይማኖት እንዲያስተምር ታዘዘ። ዕድሜው 22 ዓመት ቢሆን ነው።

በዚያን ጊዜ በማርቆስ መንበር የነበሩት አቡነ ቄርሎስ አምስተኛ ናቸው። በ1881 በዐፄ ዮሐንስ ጥያቄ አቡነ ጴጥሮስን፣ አቡነ ማቴዎስን፣ አቡነ ሉቃስንና አቡነ ማርቆስን ወደ አገራችን የላኩልን እኒሁ ፓትርያርክ ስለ ሆኑ ለእኛ እንግዳ አይደሉም። ለአዲስ ነገር የሚቸኩሉ ሰው ነበሩ ለማለት አልችልም። እንዲያውም የቤተ ክርስቲያኑን ንብረትና አስተዳደር ለመቈጣጠር ከፈለጉ ምእመናን ጋር ተጣልተው በ1892 ወደ ገዳም ተግዘው ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት ተመለሱ። ታዲያ በለውጥ ፈላጊዎች እንዲህ የተጐዱ ሽማግሌ አንድ አዲስ አሳብ ያለው ወጣት ሲመጣባቸው በር ቢዘጉበት ማን ይፈርድባቸዋል? እሳቸው ግን ዲያቆናቸው አድርገው አቀረቡት፤ በ1918ም የዚያው ትምህርት ቤት አለቃ አደረጉት።

የሐቢብ ትልቁ አሳብ ግን ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ ነበር። በየአጥቢያው ያለ ሕፃን ሁሉ በየሳምንቱ ሃይማኖቱን ይማር፤ የሚያስተምሩትም ወጣቶቹ ራሳቸው ይሁኑ አለ። የሰንበት ትምህርት ቤት የተባለው ይህ ነው። (በግብጽ የዕረፍት ቀን ዓርብ ስለ ሆነ ብዙዎቹ የሰንበት ትምህርት ቤቶች ዓርብ ዕለት ያስተምሩ ነበር፤ ስሙ ግን እንደ ሆነ ቀረ።) መምህራኑ ለዚህ ሥራ ደመወዝ የማይከፈላቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የሥራ ሰዎች ነበሩ፤ ማለት እንደ እናንተ ያሉ ናቸው።

ወጣት የሚደግፍ ሰው ቀጥሎ የሚመጣበትን ማወቅ አለበት። በ1947 የሰንበት ትምህርት ቤቶቹ ወጣቶች የራሳቸውን መጽሔት አወጡ፤ መጽሔቱም የቤተ ክርስቲያኒቱን ጉድለት ሲናገር የሚፈራ አልነበረም። ሐቢብ በዚያን ጊዜ የ70 ዓመት ሽማግሌ ነው። እሱ ግን ዩኒቨርሲቲ ለጨረሱ ወጣቶች በ1946 በትምህርት ቤቱ የማታ ክፍል ከፍቶላቸው ነበር። ከገቡት አንዱ ታሪክ ያጠና ናዚር ጋይድ የሚባል ወጣት ነበር፤ በ1954 መነኰሰ፣ በ1962 የክርስቲያናዊ ትምህርት ጳጳስ ሆነ፣ በ1971 ሺኖዳ ሣልሳዊ ተብሎ በቄርሎስ መንበር ተቀመጠ።

ከዚህ ታሪክ ለሽማግሌዎች ብቻ የሚነገር አለ ብላችሁ እንዳትደሰቱ። ሐቢብ ተሹሞ ሲጠራ መጽሐፉን አንብቦ ነበር። እኔ በማስተምርበት ክፍል ቤተ ክርስቲያንን ስለ ማደስ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚከራከሩ ልጆች አሉ፤ ከነሱ ስንቱ ወንጌልን ከዳር እስከ ዳር አንብቧል ብዬ ስጠይቅ ክርክሩ ይበርዳል። ደግሞም ጉባኤን «እናድስ» ብሎ ከመጠየቅ «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያን ባዶ ክፍል ስጡን፤ ሃያ ሕፃናት እናስተምራለን» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። አንድ ቁልፍ መስጠት ለሽማግሌም ይቀለዋል፤ ካልሆነም መልሶ ሊወስደው ይችላል።

ሐቢብ ጊርጊስ በ1951 ሲሞት ጳጳስ አልነበረም፣ ቄስም አልነበረም፤ በዲያቆንነቱ ነበር። የቅብጦች ሲኖዶስ ከቅዱሳን ጋር የቈጠረው በ2013 ነው፤ ተማሪው ሺኖዳ ካረፉ ከአንድ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።