ድርቆሽ፦ ፀሐይ የሚያቆየው እንጀራ

ድርቆሽ ከመሶብ ተርፎ የደረቀ እንጀራ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የተረፈውን ማድረቅማ አለ፤ ደንበኛው ድርቆሽ ግን ለዚሁ ተብሎ ይቦካል፣ ለዚሁ ይጋገራል። ከሸዋ ሮቢት እስከ ማጀቴ ባለው የይፋት ቆላ ደግሞ ለሥራው ዋናው ነገር ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ፀሐይ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ብርሃን በብርዷና በጉሟ የምታንገላታውን ስጥ ቆላው ቶሎ ያደርሰዋል።

እንጀራ በሦስት በአራት ቀኑ ይሻግታል። እርሾው ሊጡን ስለሚያኮመጥጠው አብዛኛው ባክቴሪያ አይደፍረውም፤ ሻጋታ ግን ኮምጣጣ አይፈራም። እሱ የሚፈልገው እርጥበት ነው፣ ከእንጀራ ክብደት ደግሞ ከግማሽ በላይ የሆነው ውሃ ነው። ውሃው ሲወጣለት ሻጋታው መኖሪያ ያጣል፣ ሸክሙም ይቀላል። ማቀዝቀዣ አያሻም፤ መብራት ጠፋ ብሎ መሳቀቅም የለም።

አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ቸልታ አይወድም። የበሰለው እንጀራ በደንብ ይቀዘቅዛል፣ በእጅ ይቆራረሳል፣ በሰሌን ወይም በሰፌድ ላይ ሳይደራረብ ይሰጣል። ዝንብና አቧራ እንዳያገኘው ስስ ጨርቅ ይለብሳል። ቀን ይገላበጣል፤ ማታ ጤዛ እንዳይመታው ወደ ቤት ይገባል። መድረሱ የሚታወቀው ሲሰበር ነው፦ ቀጭ ካለ ደርሷል፣ ከታጠፈ ገና ነው። የሻገተውን ግን ማድረቅ አያድነውም፤ ሻጋታው የተወው መርዝ በፀሐይ አይጠፋምና መጣል ነው። የማሽላ እንጀራ ከጤፉ ይልቅ ቶሎ ስለሚፈረፈር ጤፍ ቢቀላቀልበት ይሻላል፤ አለዚያ ጆንያው ግርጌ የሚገኘው ዱቄት ነው።

በበርበሬና በዘይት ለውሰው የሚያደርቁም አሉ። ጣዕሙ ግሩም ነው፤ ለረጅም ጊዜ ግን አልመርጠውም፣ ዘይቱ ይከረፋል። ባዶውን አድርቆ ቅመሙን ለዕለቱ መተው ይበጃል። ማስቀመጫው ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ በርሜል ቢሆን ከእርጥበትም ከነቀዝም ያድናል።

ቁጠባው የቱ ላይ ነው? ድርቆሽ ጤፍ አያበዛም። የሚያተርፈው የሚጣለውን እንጀራ፣ ማገዶንና ጉልበትን ነው። በገጠር ቤት ከሚነደው ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለእንጀራ እንደሚውል ይነገራል፤ ምጣድ በየጊዜው እንደ አዲስ ማጋል ብቻውን ብዙ እንጨት ይበላል። በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ፣ በልጉ አልፎ ክረምቱ ሳይገባ፣ እንጨቱም ደረቅ ፀሐዩም ብርቱ በሆነበት ወቅት አብዝቶ ጋግሮ ያሰጣ ቤት ሐምሌን በሌላ ዓይን ያያታል። ያኔ እንጨቱ ርሷል፣ ቤተሰቡ አረም ላይ ነው፣ ሴትየዋ ከማሳ ስትመለስ ጭሱ የሚጠብቀው እሷኑ ነው። ይህን ድካም የሚያቃልል ምግብ ከቁጠባ ዝርዝር ውስጥ መጀመሪያ ላይ መቀመጥ ነበረበት እላለሁ፤ ብር ብቻ የሚቆጥር ሰው ግን አያየውም።

ስንቅነቱ የቆየ ነው፤ ሩሲያውያንም የደረቀ ዳቧቸውን፣ ሱካሪን፣ ለወታደርና ለመንገደኛ ያሲዙ ነበር። በእኛም ከበሶና ከቋንጣ ጋር በስልቻ ተጉዟል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ በብዙ የአማራ ከተሞች እናቶች ስንቅ ያዘጋጁ ነበር፤ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽም በዚያ ነበሩበት። ዛሬ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በሻንጣ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ይሻገራል።

ለመብላት ሽንኩርት ይቁላላል፣ በርበሬና ዘይት ወይም ንጥር ቅቤ ይገባል፣ ቋንጣ ካለ ይጨመራል፣ ጥቂት ውሃ ይፈላል። ድርቆሹ የሚገባው እሳቱ ከቀነሰ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ነው። መረቁ ቢያንስ ትንሽ ሙቅ ውሃ ይረጫል፤ ቢበዛ ግን ፍርፍሩ ቀርቶ ገንፎ ይሆናል።