ጠያቂው ከቀነሰ በኋላ

አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ፣ አጠና ተራም ሆነ ዓለም ባንክ፣ አራስ ብቻዋን አትተውም። ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይፈላል፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ጎረቤት ሲገባ ሲወጣ ይውላል። ይህ ወግ ራሱ ሕክምና ነው። የድኅረ ወሊድ ድባቴ ግን ጠያቂው ከቀነሰ በኋላም፣ እስከ ዓመት ድረስ ሊመጣ ይችላል።

ከወሊድ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉት ሆርሞኖች ያሽቆለቁላሉ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሆድ መባስና ማልቀስ የተለመደ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ካልለቀቀ፣ ሕፃኑ ተኝቶ እንኳ እናቱ እንቅልፍ ካጣች፣ ሕመም ሊሆን ይችላልና መታየት አለባት።

እንቅልፍ ያጣች እናት ወደ መጠጥ ብታዘነብል አይገርምም፤ ጠላ ጠምቃ ለምታድር ደግሞ መጠጡ ከእጇ አይርቅም። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፣ ሌሊቱን ግን ይቆራርጠዋል፤ ድባቴውንም ያከብደዋል። «ጠላ ወተት ያመጣል» የሚባለውም ስህተት ነው፤ አልኮል ወተት እንዲፈስ የሚያደርገውን ኦክሲቶሲን ይገታል። በደሟ ያለው አልኮል በዚያው መጠን ወተቷ ውስጥ ይገኛል። አንድ ጠርሙስ ቢራ ከወተት እስኪጠፋ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ማለብም አያፋጥነውም።

በ1987 እ.ኤ.አ. ኤዲንብራ ላይ የተዘጋጀ 10 ጥያቄዎች ያሉት የድኅረ ወሊድ ድባቴ መለኪያ አለ። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ፈትሸውት፣ በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናታቸው ለአዲስ አበባ እናቶች እንደሚሠራ አሳይተዋል፤ ቡታጅራ አካባቢ ገጠር ውስጥ ግን ደካማ ነበር። ከተማችን መሣሪያው አላት ማለት ነው። ሕክምናውም ከባድ አይደለም። ፓኪስታን ውስጥ የሰለጠኑ የመንደር ጤና ሠራተኞች እናቶችን ቤታቸው እየሄዱ አነጋገሩ፤ በስድስተኛው ወር በድባቴ ውስጥ የቀሩት 23 በመቶ ሲሆኑ፣ ይህን እርዳታ ካላገኙት 53 በመቶ ነበሩ። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ሰርትራሊን የተባለው የድባቴ መድኃኒትም ወደ ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው።

የምትጠጣ እናትን መስደብ ጠርሙሱን ያስደብቃል እንጂ አያስጥልም። በየቀኑ አብዝታ የምትጠጣም በድንገት አታቁም፤ መንቀጥቀጥና የሚጥል ሕመም ሊያስከትል ስለሚችል ሐኪም ይርዳት። ራሷን ወይም ልጇን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት ብቻዋን ሳትተዉአት በዚያው ቀን ሆስፒታል አድርሷት።

በየጤና ጣቢያው የክትባት ክፍል ያላችሁ ነርሶች፣ በስድስተኛው ሳምንት ሕፃኑን ከከተባችሁ በኋላ እናቲቱን ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ስሜቷና ስለ መጠጥ አብራችሁ ጠይቋት።