ለመኖሪያ ቤት ግቢ የሚስማሙ አጫጭር የጌጥ ሣሮች አመራረጥ

የግቢውን አትክልት ለማሳመር የሚፈልግ ሰው ወደ ዘርና ችግኝ መደብር ሲመጣ አስቀድሞ የሚያየው በእሽጉ ላይ የታተመውን ሥዕል ነው። ሥዕሉ ግን የተነሣው በሌላ አገር፣ በሌላ አየርና በሌላ አፈር ነው። ሣሩ ክረምት ገብቶ ሲበሰብስ ገዢው የሚወቅሰው ሥዕሉን ሳይሆን ሻጩን ነው። ስለዚህ በዚህ ንግድ ላይ ያሉትም ሆኑ ሊገቡበት የሚያስቡ ነጋዴዎቻችን የሚያስመጡትን ሣር ጠባይ ማወቅ ይገባቸዋል።

አጭር የጌጥ ሣር ስንል ቁመቱ ከ30 ሳንቲ ሜትር እምብዛም የማያልፈውንና በመተላለፊያ ዳር፣ በደረጃ ሥር ወይም በአበባ መደብ ጠርዝ የሚተከለውን ማለታችን ነው። ሰው የሚረግጠው መስክ ሌላ ነገር ነው።

ከውጭ አገር በሚመጡት የሽያጭ መዝገቦች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሰማያዊ ፌስኪው የተባለው ነው። ትውልዱ ከደቡብ ፈረንሣይ ሲሆን ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ መልኩም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ነው። በአንድ ስፍራ እንደ ጃርት ተሰብስቦ የሚቆም እንጂ የሚሳብ ስላልሆነ ጎረቤት አያስቸግርም። ዘመዱም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የመንዝ ሰው ከጥንት ጀምሮ በሥርዓት እየጠበቀ ቤቱን የሚከድንበት ጓሳ የዚሁ ወገን ነው። ነገር ግን ዝምድናው ሊያታልለን አይገባም። ሰማያዊው ፌስኪው የሚወደው ፀሐይንና ውኃ የማይቋጥር አፈርን ነው። አዲስ አበባ ደግሞ የዓመቱን ዝናብ አብዛኛውን የምትቀበለው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ግቢው መረሬ አፈር የሆነበትም ሰው ጥቂት አይደለም። በእንዲህ ያለው ቦታ መደቡን ከፍ አድርጎ ደቃቅ ጠጠር ካልቀላቀሉበት በቀር ሥሩ ይበሰብሳል። ደኅና ቢይዝም እንኳ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ መካከሉ ስለሚደርቅ ነቅሎ፣ ከፋፍሎ እንደ ገና መትከል ያስፈልጋል። ይህንንም ለገዢው በሽያጩ ጊዜ መንገር ከብዙ ክርክር ያድናል። ከዘር የሚበቅለው መልኩ አንድ ዓይነት ሆኖ ስለማይወጣ የጠራ ሰማያዊ የሚፈልግ ደንበኛ ከተመረጠ እናት ተክል የተከፈለውን ችግኝ ሊገዛ ይገባዋል፤ ዋጋውም የሚለያየው በዚሁ ምክንያት ነው።

ፀሐይ ለማያገኝ ግቢ ሞንዶ ሣር የሚባለው ይሻላል። ስሙ ሣር ይባል እንጂ በዕፀዋት ሊቃውንት አከፋፈል ከአስፓራጉስ ቤተ ሰብ ነው። የጃፓን፣ የቻይናና የኮርያ ተወላጅ ሲሆን ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ማጨድ አያስፈልገውም፤ ዳሩ ግን እጅግ ዝግ ብሎ ስለሚያድግ መደቡን እስኪሞላ ድረስ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቶሎ እንዲሞላ የሚፈልግ አቀራርቦ መትከል፣ ብዙ ችግኝም መግዛት አለበት።

በሰርዶ በኩል ነጋዴው ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቲፍዌይ የተባለው ስመ ጥር የሰርዶ ድቅል በአሜሪካ፣ በጆርጂያ ግዛት ቲፍተን ከተማ ተመርጦ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 የወጣ ነው። ይህ ሣር እንደ በቅሎ መካን ስለሆነ ዘር አይሰጥም፤ የሚራባው በቁራጭና በተነቀለ ሣር ብቻ ነው። እንግዲህ «የቲፍዌይ ዘር» ብሎ በኪሎ የሚያቀርብ የውጭ ነጋዴ ቢገኝ በከረጢቱ ውስጥ ያለው ሌላ ነገር መሆኑ የታወቀ ነው።

ቀዩ የጃፓን ሣር ውበቱ የሚያስጎመጅ ቢሆንም እኛ አንመክረውም። ቁመቱም ከተባለው ልክ ያልፋል፤ ከዚያም በላይ አንዳንዱ ቡቃያ ወደ አረንጓዴነት ሲመለስ በምድር ውስጥ እየሄደ የሚስፋፋ ብርቱ አረም ይሆናል። ሣር አገር ሲለውጥ ጠባዩን እንደሚለውጥ የራሳችን ኪኩዩ ሣር ምስክር ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ በሰላም የሚኖረው ይህ ሣር በአሜሪካ መንግሥት የአደገኛ አረሞች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። በእኛም በኩል ፓርቴኒየም የተባለው አረም ከውጭ ከመጣ እህል ጋር ተቀላቅሎ እንደ ገባ ይታመናል፤ ገበሬው እስከ ዛሬ ድረስ ከእርሱ ጋር ይታገላል።

ስለዚህ አስመጪው ገንዘቡን ከመላኩ በፊት የተክሉን ሙሉ የሳይንስ ስም በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የገበያ ስም ብቻውን አይበቃምና። የማስገቢያ ፈቃዱንም አስቀድሞ ያውጣ። ከዕቃው ጋር የላኪው አገር መንግሥት የሰጠው የዕፀዋት ጤና ምስክር ወረቀት መኖር አለበት፤ ይህም ወረቀት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1951 በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት የተደነገገ ነው። ሥሩ ከአፈር ታጥቦ በእርጥብ ማሸጊያ ቢጠቀለል በምርመራ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ ይቀንሳል። ሞንዶ ሣር ለሰኔ መግቢያ እንዲደርስ ቢታዘዝ ዝናቡ ራሱ ያጠጣዋል፤ ሰማያዊው ፌስኪው ግን ዝናቡ ካባራ በኋላ በመስከረም መጨረሻ ቢደርስ ይመረጣል።