ከእርሻ ማሳ እስከ ቤጂንግ፦ የአዮዋው አገረ ገዢ ቴሪ ብራንስታድ

ኢትዮጵያዊው የማሽላ ተመራማሪ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ዲ ሞይን በተባለች ከተማ ነው። ከተማዋ የአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት መዲና ናት። አዮዋ በበቆሎና በአሳማ ምርት ከአሜሪካ ግዛቶች ቀዳሚ ስትሆን፣ በአኩሪ አተርም ከዋናዎቹ አምራቾች አንዷ ናት። ይህችን የገበሬ ግዛት በሁለት ዙር ከ22 ዓመታት በላይ የመሩት ቴሪ ብራንስታድ በአሜሪካ ታሪክ ረጅሙን ጊዜ በአገረ ገዢነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። የሥራ ዘመናቸው የገበሬው ኑሮ በዝናብና በአፈር ብቻ ሳይሆን በብድር፣ በገበያና በፖለቲካ ውሳኔ ጭምር እንደሚወሰን ያሳያል።

ብራንስታድ እ.ኤ.አ. በ1946 በሰሜን አዮዋ፣ ሌላንድ በምትባል ትንሽ ከተማ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተምረው፣ በውትድርና አገልግለው፣ በኋላም ሕግ አጥንተዋል። በ26 ዓመታቸው የግዛቲቱ ምክር ቤት አባል፣ በ1979 ምክትል አገረ ገዢ ሆኑ። በአሜሪካ አገረ ገዢ በሕዝብ በቀጥታ የሚመረጥ የግዛት አስተዳዳሪ ነው። የሪፐብሊካን ፓርቲው ብራንስታድ በ1983 ይህን ሥልጣን ሲረከቡ የ36 ዓመት ሰው ነበሩ፤ በግዛቲቱ ታሪክም በዕድሜ ትንሹ አገረ ገዢ ሆኑ።

የዕዳ ዘመን

ሥልጣን የያዙበት ጊዜ ግን ክፉ ነበር። እንደ ኢትዮጵያ ሳይሆን በአዮዋ የእርሻ መሬት የግል ሀብት ነው፤ ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ለብድርም በመያዣነት ይቀርባል። በ1970ዎቹ የእህል ዋጋ ሲጨምር የመሬት ዋጋም አብሮ አሻቀበ። በርካታ ገበሬዎች መሬታቸውን አስይዘው ተበደሩ፤ ተጨማሪ መሬትና ትራክተር ገዙ። ከ1979 በኋላ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት ሲል ወለድ እጅግ እንዲንር አደረገ። በ1980 ደግሞ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ለሶቪየት ኅብረት በሚደረገው የእህል ሽያጭ ላይ እገዳ ጣሉ። ከ1981 እስከ 1986 ባለው ጊዜ የአዮዋ የእርሻ መሬት ዋጋ ከግማሽ በላይ ወደቀ። ዕዳው ግን እንዳለ ነበር፤ መሬቱ ተሸጦም ብድሩን የማይሸፍንበት ጊዜ መጣ።

ብራንስታድ በ1985 የኢኮኖሚ አስቸኳይ ጊዜ አወጁ። በዚህም በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ወቅት የወጣ ሕግ እንደገና ሥራ ላይ ዋለ፤ መሬታቸው በሐራጅ ሊሸጥ የተቃረበ ገበሬዎችም ጊዜያዊ እፎይታ የሚያገኙበት መንገድ ተከፈተ። አዋጁ ጊዜ ሰጠ እንጂ ዕዳውን አልሰረዘም። ብዙ ቤተሰቦች እርሻቸውን ለቀው ሄዱ፤ በገጠር ከተሞችም ባንኮች ተዘጉ።

የአኩሪ አተር ወዳጅነት

ከአዋጁ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ከቻይና ሄቤይ ግዛት አንድ አነስተኛ የልዑካን ቡድን እርሻና የእንስሳት መኖን ለማጥናት አዮዋ ገብቶ ነበር። ብራንስታድም ቡድኑን ተቀብለው አነጋገሩ። መሪው ያኔ የአንድ ወረዳ የፓርቲ ኃላፊ የነበሩት ሺ ጂንፒንግ ናቸው።

ብራንስታድ በ1999 ሥልጣን ለቀው በዲ ሞይን የሕክምና ዩኒቨርሲቲ በፕሬዚዳንትነት ከሠሩ በኋላ፣ በ2010 ምርጫ አሸንፈው ተመለሱ። ሺ ጂንፒንግም በ2012 የቻይና ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው አዮዋን ዳግም ጎበኙ። በዚያው ጉብኝት የቻይና ገዢዎች ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ የአሜሪካ አኩሪ አተር ለመግዛት ተስማሙ።

ገጠርና ከተማ በአንድ ወንዝ

በሁለተኛው ዙር አስተዳደራቸው ገጠርንና ከተማን ያፋጠጠ ጉዳይ ተነሣ። የዲ ሞይን የመጠጥ ውሃ ድርጅት በ2015 ከእርሻ ማሳዎች በውሃ ማንጣፈፊያ ቦዮች የሚወርደው ናይትሬት ወንዙን እየበከለ የማጣሪያ ወጪውን አንሮብኛል በማለት የሦስት የገጠር አውራጃዎችን የቦይ አስተዳደሮች ከሰሰ። ብራንስታድ ክሱን ተቃወሙ፤ መፍትሔው ትብብር እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም የሚል አቋም ያዙ። ፍርድ ቤቱ በ2017 ክሱን ውድቅ አደረገ፤ የውሃው ጥራት ጉዳይ ግን ዛሬም አከራካሪ ነው።

የወዳጅነት ፈተና

በ2017 ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ብራንስታድን በቻይና የአሜሪካ አምባሳደር አድርገው ሾሙ። ሥልጣናቸውን የተረከቡት ምክትላቸው ኪም ሬይኖልድስ የአዮዋ የመጀመሪያዋ ሴት አገረ ገዢ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ በቻይና ዕቃዎች ላይ ቀረጥ ስትጥል፣ ቻይናም በአሜሪካ አኩሪ አተር ላይ የ25 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ጣለች። ዋጋው ወደቀ፤ መንግሥት ለገበሬዎች በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ድጎማ ለመክፈል ተገደደ። የአምባሳደሩ የሠላሳ ዓመት ትውውቅ የአዮዋን ገበሬ ከዚህ ጉዳት አላዳነውም። ሁለቱ አገሮች የመጀመሪያ ምዕራፍ የንግድ ስምምነት የፈረሙት በ2020 መጀመሪያ ሲሆን፣ ብራንስታድም በዚያው ዓመት ቤጂንግን ለቀው ተመለሱ።

በ1985 የአዮዋን ገበሬ ያስጨነቀው ዕዳ ነበር፤ በ2018 ደግሞ በአንድ ትልቅ ገዢ ላይ ማተኮሩ። በሁለቱም ጊዜ ማሳው ምርቱን አልነፈገም፤ ችግሩ የመጣው ገበሬው ከማይቀመጥበት ጠረጴዛ ነው።